የስደተኛ ኳስ፦ ከአራራት እስከ ዳላስ

ስለ እግር ኳሳችን ታሪክ የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ይነሣል። ተገቢም ነው። ነገር ግን አንድ ቡድን ብቻውን አይጫወትምና ሌላ ጥያቄ ማስከተል ይገባል፤ ጊዮርጊስ ከማን ጋር ነበር የሚጋጠመው? መልሱ ዛሬ በባዕድ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳይ እጅግ ቅርብ ነው ብዬ ስለማምን ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ።

በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተሳተፉት ቡድኖች አምስት ነበሩ። ጊዮርጊስ የአገሬውን ወጣት፣ አራራት አርመኖችን፣ ኦሎምፒያኮስ ግሪኮችን፣ ፎርቲቱዶ ጣሊያኖችን፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝን ወታደራዊ ሚሲዮን ይወክሉ ነበር። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ እንግዲህ የመጤ ማኅበረሰብ ቡድኖች ነበሩ ማለት ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ ገና ሦስት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ የጣሊያን ቡድን ግን ከአበሻው ቡድን ጋር በአንድ ውድድር ውስጥ ተሰልፏል። የዘመኑን ፖለቲካ ከአዋጅና ከደብዳቤ ብቻ ለሚያጠና ሰው ይህ ጉዳይ ከዐይኑ ያመልጠዋል።

የአርመኖቹን ነገር እንውሰድ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ዐርባ ልጆች ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። ከእነርሱ ጋር የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደ ደረሰ ይታወቃል። ማኅበረሰቡ ቡድኑን የሰየመው በአራራት ተራራ ነው። ተራራው ደግሞ የሚገኘው በቱርክ ድንበር ውስጥ ነው። ያጡትን ተራራ ስም በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ በጩኸት መጥራት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ከአገሩ የወጣ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል።

አርመኖችም ግሪኮችም የየራሳቸው ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነበራቸው። እነዚህ ተቋማት ሰውን ወደ ውስጥ ይሰበስባሉ፤ ቋንቋውን፣ ጋብቻውን፣ ቀብሩን ይጠብቁለታል። የእግር ኳስ ቡድንም ይሰበስባል፤ ነገር ግን ተጋጣሚ ከሌለው ቡድን አይባልም። ስለዚህ በየሳምንቱ ከሌላው ጋር ቀጠሮ መያዝ፣ በአንድ ሕግ መገዛትና የዳኛውን ፊሽካ መቀበል ግድ ይሆንበታል። እንደ እኔ አመለካከት ኳስን ከዕድርም ከማኅበርም የሚለየው ይኸው ነው። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል አሥመራ ላይ ከጣሊያናዊ አባት የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ይህ በአንድ ጀምበር የመጣ ነገር አይደለም።

ከአብዮቱ በኋላ ጉዞው አቅጣጫውን ለወጠ። የአርመኖቹና የግሪኮቹ ልጆች በብዛት ከአገር ወጡ፤ የእኛም ሰው ተከተለ። በሱዳን በኩል አልፎ አሜሪካ የገባው ስደተኛ በየከተማው ተበተነ። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ ቀን ኮሌጅ የሚማር፣ ታክሲ የሚነዳ ወጣት እሑድ ጠዋት በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ አሥር ጓደኞች ፈለገ። መኪና ያለው የሌለውን ያመጣል፤ ማሊያው በመዋጮ ይገዛል፤ ከጨዋታው በኋላ የሥራ ወሬ፣ የቤት ኪራይ፣ የጠበቃ አድራሻ ይለዋወጣሉ። ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ የሚሰበሰበው በዚያው የስልክ ዝርዝር ነው። (የጨዋታውን ጥራት ማንም አያነሣም፤ ባይነሣም ይሻላል።)

በእ.ኤ.አ. 1984 ከእነዚህ ቡድኖች ጥቂቶቹ ሂዩስተን ላይ ተገናኝተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽንን መሠረቱ። በዚያው ዓመት አገር ቤት በረሃብ ታልቅ ነበር፤ ስደተኛው ደግሞ በድርጅት ቀለም ተከፋፍሎ በአንድ አዳራሽ ለመቀመጥ ይቸገር ነበር። ፌዴሬሽኑ የመረጠው ዘዴ ቀላል ነበር፤ ቡድኖቹ በመሠረቱ የከተማ ቡድኖች ሆኑ። ዳላስ ከአትላንታ ሲጫወት ማን ኢሕአፓ፣ ማን መኢሶን እንደ ነበረ መጠየቅ አያስፈልግም። ውድድሩም አሜሪካ የነፃነት በዓሏን ከምታከብርበት የሐምሌ ሰሞን ጋር ተያያዘ፤ ሠራተኛ ፈቃድ የሚያገኝበት ጊዜ ነውና። ከሜዳው ዙሪያ እንጀራው፣ ቡናው፣ የዘፋኞች ድግስ በቅሎ፣ አብዛኛው ታዳሚ ግብ ሳያይ የሚመለስበት በዓል ሆነ።

ፖለቲካው ግን ሜዳውን አልማረውም። በ2012 እ.ኤ.አ. በአንድ ስመ ጥር ባለሀብት ድጋፍ ሌላ ማኅበር ተቋቁሞ፣ አንዱ ዳላስ ሌላው ዋሽንግተን በአንድ ሰሞን ሁለት በዓል ተደረገ። ቤተ ዘመድ እንኳ ወዴት እንሂድ ብሎ ተጣላ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር በዳላሱ ዝግጅት ለመገኘት ጠይቀው ፌዴሬሽኑ ሳይቀበል ቀረ። ብዙዎች ተቆጥተዋል። እኔ ግን ውሳኔውን ከፌዴሬሽኑ ታሪክ ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ለመንግሥት መድረክ የሆነ ሜዳ በማግሥቱ የተቃዋሚም መድረክ መሆኑ አይቀርም። ኦሮሞዎች የራሳቸውን ፌዴሬሽን ካቋቋሙ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። ይህን መከፋፈል ነው ብሎ ከማውገዝ በፊት፣ ያ ሁሉ ሰው በትልቁ ጥላ ሥር ቤቴ ነው ያላለው ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይሻላል።

የመጤ ቡድን ሰውን በራሱ አጥር ውስጥ ያስቀራል የሚል ክርክር አውስትራሊያ ውስጥም ተነሥቷል። ከ1977 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የነበረውን ብሔራዊ ሊግ በአመዛኙ ያቆሙት የግሪክ፣ የክሮኤሽያና የጣሊያን ስደተኞች ክለቦች ነበሩ። በ2014 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ፌዴሬሽን ክለቦች አዲስ የብሔር ስምና ምልክት እንዳይዙ የሚከለክል መመሪያ አወጣ፤ በ2019 ሻረው። የሚገርመው፣ መመሪያው በወጣበት በዚያው ዓመት አውስትራሊያን ወደ ዓለም ዋንጫ የመራው አሠልጣኝ አንጌ ፖስቴኮግሉ ነበር፤ በአምስት ዓመቱ ከግሪክ መጥቶ ግሪኮች በ1959 በመሠረቱት በሳውዝ ሜልበርን ክለብ ያደገ ሰው።

የእኛ ልጆች ነገር ገና ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ በዋሽንግተን አካባቢ ያደገው ጌድዮን ዘላለም አርሰናል ሲገባ፣ ለየትኛው አገር ይሰለፍ የሚለው ክርክር አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ወጣቶች ቡድን ተሰለፈ። አራራትና ኦሎምፒያኮስ ደግሞ ዛሬ በአዲስ አበባ ስማቸው የሚነሣው ከኳሳቸው ይልቅ በምግብ ቤታቸው ነው።