ቆዳ ዘለል

የልብ ድካም ለጠናባቸው አንዳንድ ሕሙማን ደረታቸው ውስጥ ትንሽ ፓምፕ ይገጠምላቸዋል። ፓምፑ የደከመውን የግራ ልብ ክፍል እያገዘ ሌት ተቀን ደሙን ወደ ዋናው ደም ቅዳ ይገፋል። የልብ ምት የሚያስተካክለው ፔስሜከር ኃይል የሚፈልገው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ አንድ ባትሪ ዓመታት ይዘልቅለታል። ፓምፑ ግን ያለማቋረጥ ጥቂት ዋት ይፈጃል። ስለዚህ ከእሱ የተነሣ ገመድ የሆድን ቆዳ በስቶ ይወጣና ከሰውነት ውጭ ከሚታጠቁት ባትሪ ጋር ይገናኛል።

ያቺ ቀዳዳ ገመዱ እስካለ ድረስ አትገጥምም። በየጊዜው ትጸዳለች፣ ትታሸጋለች፤ ዋና ክልክል ነው፣ ገላ መታጠብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጀርም የሚገባውም በእሷ ነው። ኢንፌክሽኑ ገመዱን ተከትሎ እስከ ፓምፑ ከዘለቀ ሕይወት ያሰጋል። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው በዚህች ቁስል ዳግም ሲንገላታ ማሰብ ያሳዝነኛል።

መፍትሔው ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ካሳየው ነገር ይመነጫል። ተለዋዋጭ ኮረንት የሚያልፍበት ጥቅል ሽቦ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ አጠገቡ ያለ ሌላ ጥቅል ሽቦ ከዚያ መስክ ኮረንት ያገኛል። አንዱን ጥቅል ከቆዳ በላይ፣ ሌላውን ከቆዳ በታች ማድረግ ነው። በእንግሊዝኛ ትራንስኪዩቴኒየስ ኢነርጂ ትራንስፈር ይሉታል።

በአማርኛስ? «ገመድ አልባ» ለጆሮ ቅርብ ቢሆንም እውነቱን አይናገርም፤ ሕመምተኛው ያኔም ጥቅል ሽቦና ባትሪ በገመድ አያይዞ ታጥቆ ነው የሚውለው። የሚቀርለት ቀዳዳው ነው። «ቆዳ አቋራጭ» ደግሞ እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ መንገድ የተጠረገለት ያስመስላል። «ድንበር ዘለል» ከሚለው ተነሥቼ «ቆዳ ዘለል ኃይል ማስተላለፍ» የምለው ለዚህ ነው። አጥር ዘልሎ የገባ አጥሩን አላፈረሰም፤ ኃይሉም ቆዳውን ሳይበሳ ይሻገራል።

ነገሩ ሕልም ብቻ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ አቢዮኮር የተባለው ሰው ሠራሽ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተከል ኃይል ያገኝ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ታካሚው 151 ቀን ኖረ። ፈተናው ግን ከባድ ነው። ሰው ተኝቶ ሲገላበጥ ሁለቱ ጥቅሎች ይራራቃሉ፤ የሚሻገረው ኃይል ይቀንሳል፤ በመንገድ የባከነው ደግሞ ሙቀት ሆኖ ሥጋን ያሞቃል። ይህን ለማቃለል ሌቪቲከስ የተባለው የእስራኤል ድርጅት የውስጡን ጥቅል አስፍቶ በሳንባ ዙሪያ አደረገው፤ የውጪው በቀበቶ ይታጠቃል። በካዛኪስታን አስታና ለሁለት ሕሙማን መተከሉም በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ለክፉ ቀን የሚሆን ገመድ ግን እዚያም አብሮ እንዲኖር ተደርጓል።