የክሎ ደ ቩዦ የወይን ቦታ ታሪክ

ወይን ለሚጠጣው ደስታ ለሚተክለው ግን ድካም መሆኑን በፈረንሳይ አገር በቡርጎኝ የሚገኘው የክሎ ደ ቩዦ ታሪክ ያስረዳል። «ክሎ» ማለት በቅጥር የተከበበ ቦታ ማለት ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1098 ዓ.ም. የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዐት ሳያጓድሉ ሊፈጽሙ የወደዱ መነኮሳት ከሞሌም ገዳም ወጥተው ሲቶ በተባለ ረግረጋማ ዱር ገዳም መሠረቱ። ሥርዐታቸው ጸሎትን ከእጅ ሥራ ጋራ ያስተባበረ ነበር። ለቅዳሴም ለማዕድም ወይን ያስፈልጋቸው ነበርና፥ ረግረጉም ለወይን የማይስማማ ስለ ሆነ፥ በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቩዥ ወንዝ አጠገብ ባለው ተዳፋት በስጦታም በግዢም ያገኙትን መሬት እያያያዙ ወይን ተከሉ።

ሥራው የአንድ ትውልድ ሥራ አልነበረም። መነኮሳቱና ረድኦቻቸው አንዱ ቈፍሮ ሲያልፍ ሌላው ተከለ፤ እርሱም ሲያርፍ ሦስተኛው ገረዘ። በ1336 ገደማ 50 ሄክታር ያህል የሚሆነው ቦታ በድንጋይ ግንብ ታጠረ። በ1551 ደግሞ አበምኔቱ ዣን ሎዚዬ በዚያ ያማረ ሕንጻ አሠራ። መነኮሳቱ ይገለገሉባቸው የነበሩት ታላላቅ የእንጨት መጭመቂያዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ፒኖ ኗር ከተባለው ጥቁር ዘለላ የሚጠመቀው ቀይ ወይን ስሙ በሩቅ ተሰማ። የመሬቱ ጠባይ ግን አንድ አይደለም። የላይኛው ክፍል ስስና የኖራ ድንጋይ የበዛበት ስለ ሆነ ውሃ አይቋጥርም፤ የታችኛው ወፍራም ሸክላ ነው። ስለዚህ የወይኑም ጣዕም እንደ ቦታው ይለያያል።

ከሀብት ሸሽተው ለወጡት ሰዎች የድካማቸው ፍሬ ሀብት ሆነባቸው፤ ሀብቱም የሰውን ዐይን ሳበ። የፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ፥ በ1789 ኅዳር ወር፥ የቤተ ክርስቲያን ርስት ሁሉ የመንግሥት እንዲሆን ተወሰነ፤ የወይኑ ቦታም በ1791 በሐራጅ ተሸጠ። በ1889 ለ15 ገዢዎች ተከፋፈለ፤ ዛሬ ባለቤቶቹ 80 ያህል ናቸው።

ይህን የሚሰማ ሰው የናቡቴን ወይን ማሰቡ አይቀርም። ነገር ግን ናቡቴ የያዘው የአባቶቹን ርስት ብቻ ነበር፤ ገዳሙ ግን ለድኽነት ተመሥርቶ ባለጠጋ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የነጣቂው በደል ሳይሰረይ፥ የተነጠቀውም ራሱን ሊመረምር ይገባዋል።

መነኮሳት በ1898 ወደ ሲቶ ተመለሱ፤ የወይኑ ቦታ ግን አልተመለሰላቸውም። ከብት አርብተው፥ አይብ ሠርተው በእጃቸው ሥራ ይኖራሉ። ቅጥሩ በሌላ እጅ ቀረ፤ የአባቶቻቸው ሥርዐት ግን ወደ ቦታው ተመለሰ።