የቤተ እስራኤል የመንጻት ውኃ

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት የቤተ እስራኤል መንደር ከወንዝ ወይም ከምንጭ አይርቅም ነበር። በወገራ፣ በደምቢያና በስሜን የሰፈሩት ማኅበረሰቦች ውኃን የሚሹት ለመጠጥና ለሸክላ ሥራ ብቻ ሳይሆን ኦሪት ላዘዘው መንጻትም ነበር። በሌላው ዓለም ያሉ አይሁድ ቢያንስ አርባ ሰኣ (ጥንታዊ የአይሁድ መስፈሪያ) የዝናብ ወይም የምንጭ ውኃ የሚይዝ ሚክቬ የተባለ ገንዳ ሲሠሩ፣ ቤተ እስራኤል ወንዝ ወርደው መላ አካላቸውን ያጠልቁ ነበር። ከሰንበት ዋዜማ አንሥቶ እስከ ስግድ በዓል ድረስ ልብስ ማጠብና ገላን መንከር የዝግጅቱ ዋና ክፍል ነበር። ከማኅበረሰቡ ውጭ የሆነን ሰው የነካም ሳይነከር ወደ ቤቱ አይገባም ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው ይህን ልማድ «አትንኩኝ» ይሉት ነበር።

ሥርዓቱ ይበልጥ የጸናው በሴቶች ሕይወት ላይ ነበር። የወር አበባ የመጣባት ሴት በመንደሩ ጠርዝ ወዳለው የመርገም ጎጆ ትሄድ ነበር። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ ይከበብ ነበር፤ ቤተሰብ ምግቧን ድንጋዩ ዘንድ አኑሮ ይመለስ፣ እርሷም ወጥታ ታነሣ ነበር። ሰባቱ ቀን ሲሞላ ልብሷን አጥባ፣ ወንዝ ወርዳ ተነክራ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቷ ትገባ ነበር። የወለደች ሴት ደግሞ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ትቆይ ነበር። ጎጆው ብርድና ብቸኝነት ነበረበት፤ ሆኖም ከወፍጮ፣ ከእንጨት ለቀማና ከውኃ መቅዳት የሚያሳርፍ ጊዜ ስለነበር፣ ብዙ እናቶች በኋላ ዘመን በናፍቆት አንሥተውታል።

ወደ እስራኤል ሲሄዱ ግን መነከር የክርክር ምክንያት ሆነ። የእስራኤል ሊቀ ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ወገን፣ ማለትም አይሁድ መሆናቸውን አጽንተው ነበር። ይሁን እንጂ በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ እስራኤል የገቡት፣ ለጋብቻ ሲመዘገቡ የሊቀ ራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት በሚክቬ እንዲነከሩ ጠየቃቸው። በሃይማኖቱ ሕግ ወደ አይሁድነት የሚገባ ባዕድ በውኃ ያልፋል፤ ስለዚህ መነከሩን መቀበል አይሁድ አለመሆንን እንደ ማመን ተቆጠረ። ዘመኑን ሁሉ በወንዝ ሲነጻ ለኖረ ሕዝብ ከዚህ የባሰ ስድብ አልነበረም። በ1985 መኸር ብዙዎች ኢየሩሳሌም በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሰፍረው አንድ ወር ያህል ተቃወሙ። በኋላም የነታንያው ራቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለ መነከር ጋብቻቸውን ይመዘግቡላቸው ጀመር።

የመርገም ጎጆ ግን በእስራኤል የፎቅ መኖሪያ ውስጥ ቦታ አጣ። አንዳንድ እናቶች ሰባቱን ቀን በረንዳ ላይ ወይም በጠባብ ክፍል ለማሳለፍ ሞከሩ፤ ከልጆቻቸው መካከል ገሚሶቹ በየሰፈሩ ያለውን ሚክቬ ለመዱ፣ ሌሎቹ ሥርዓቱን ተዉት።