ከፔዳል እስከ ጎማ

አባቴ ሲያርፍ ቮልሷ ለእኔ ደረሰች። እ.ኤ.አ. የ1964 ሥሪት ናት። ወንድሜ ልጆቹን አሳፍሮ እንጦጦ ሊወስድባት እንዳሰበ በነገረኝ ዕለት፣ ያሳሰበኝ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነበር።

ፔዳል የምትረግጥ እግር ጎማውን አትነካም፤ በመካከላቸው ያለው በቀጭን ቱቦ ውስጥ የታፈነ ፈሳሽ ነው። የታፈነ ፈሳሽ የተጫነውን ግፊት ወደየአቅጣጫው እኩል እንደሚያደርስ ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስረድቶ ነበር። ይህን ለመኪና ፍሬን ያዋለውና እ.ኤ.አ. በ1917 የፈጠራ መብት የጠየቀበት አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ፣ ከወንድሙ ጋር አውሮፕላን ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ዱዘንበርግ የተባለው ኩባንያ በ1921 በአራቱም ጎማዎች ላይ አዋለው። ቮልስዋገን ግን አልቸኮለም፤ ርካሹን ሞዴሉን እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ በገመድ ፍሬን ሸጧል።

የአባቴ ቮልስ ፍሬኗ በዘይት የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን ባለ አንድ መስመር ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚላኩት እንኳ ሁለት የተለያየ መስመር ያገኙት በ1967 ሞዴል ነው። አንድ መስመር ማለት፣ የትም ቦታ አንዲት ቀዳዳ ብትከፈት አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል ማለት ነው። (የእጅ ፍሬን አለ፤ እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ግን አልተማመንበትም።)

የሰፈራችን አንጋፋ መካኒክ ከሥር ገብተው ቱቦውን በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ። የላስቲክ ቱቦዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። እንዲህ ያለው ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ሲያግት፣ እግር ከፔዳሉ ከተነሣ በኋላም ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። የብረቱ ቱቦ ደግሞ ከውጭ በጭቃ፣ ከውስጥ በራሱ ዘይት ይበላል፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባልና። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ረጅሙ ቱቦ በቀላሉ ለዓይን አይታይም። ሳንጠራጠር ልንለውጠው ወሰንን።

ከፊት ግራ ጎማ አጠገብ ስንደርስ እጃቸው ቆመ። ቀይ መዳብ ነበር።

«ጋሽ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እኔና አባትህ ነን ያሰርነው» አሉኝ። «ዕቃ በጠፋበት ዘመን። ያኔ ሌላ አልነበረም።»

ንጹሕ መዳብ ለፍሬን አይሆንም፤ መኪና በተንቀጠቀጠ ቁጥር እየደረቀ ሄዶ ይሰነጠቃል። አባቴ ይህን ያውቅ እንደነበር አልጠየቅኋቸውም። በዚያ ቱቦ ስንት ዓመት ትምህርት ቤት አድርሶኛል።

አዲሱ ቱቦ መዳብና ኒኬል የተቀየጠበት ነው፤ ቮልቮ ከ1976 ጀምሮ የተጠቀመበት፣ ዝገት የማይደፍረው ዓይነት። የላስቲኮቹንም አራቱን ለወጥን። ከዚያ አየር የማስወጣቱ ሥራ መጣ፦ ከሁሉ ከሚርቀው፣ ከቀኙ የኋላ ጎማ ጀምረን፣ እኔ እየረገጥሁ እርሳቸው እየከፈቱና እየዘጉ፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ መስመጡን እስኪተውና እስኪጠነክር ድረስ። ከሰዓት በኋላው በሙሉ አለቀ።

ወንድሜ ሊወጣ ባለበት ዋዜማ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን ዘርግቼ አደርሁ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ቁልፉን ሰጠሁት።