ጥጡ ሐርለም ሲገባ መንገድ ላይ የቀረው

ኒውዮርክ፣ ሐርለም ውስጥ አንድ ሰባኪ ሕዝብ ሰብስቦ ወደ አፍሪካ የመመለሻ ቦታ ይሸጣል። ለአንድ ቤተሰብ 1,000 ዶላር። 87 ቤተሰቦች ዕድሜ ልክ ያጠራቀሙትን ይዘው ይመጣሉ። ወዲያው የታጠቁ ሰዎች ይደርሱና 87,000 ዶላሩን ጠራርገው ይሄዳሉ። በሽሽቱ መሃል ከመኪናቸው ላይ አንድ ትልቅ የጥጥ እስር ይወድቃል፤ ገንዘቡ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ጥጡን መንገድ ላይ የሚያገኘው ደግሞ ጋሪ እየገፋ የሚዞር ሽማግሌ ቆራሌው ነው።

ይህ የቼስተር ሃይምስ «ጥጥ ሐርለም ገባ» የተባለው የወንጀል ልብወለድ መነሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1965 ታተመ፣ በ1970 ፊልም ሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ አንድ ነገር ይከነክነዋል። መርማሪዎቹ ያው ናቸው፣ ጥጡም ያው ነው፣ ገንዘቡም ያው 87,000 ነው። መጨረሻ ላይ ገንዘቡን ከኪሱ የሚተካው ሰው ግን ሌላ ነው። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። የተከታታዩ ነፍስ ያለው ግን እሷ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ሃይምስ በ1909 ሚዙሪ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የጥቁሮች ኮሌጆች ውስጥ የእጅ ሙያ ያስተምሩ ነበር። ወንድሙ ጆሴፍ በልጅነቱ በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ማሳያ ላይ በፍንዳታ ዓይኖቹ ተጎዱ። ቤተሰቡ ልጁን ይዞ ነጮች ወደሚታከሙበት ሆስፒታል ሲሮጥ ጥቁር ናችሁ ተብሎ ተመለሰ። ጆሴፍ ዓይነ ስውር ሆኖ ቀረ፤ በኋላ ግን ተምሮ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሆነ። ቼስተር የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተባረረ፣ በ1928 በትጥቅ ዘረፋ ተያዘ፣ ከ20 እስከ 25 ዓመት እስር ተፈረደበት። ዕድሜው ገና 19 ነበር።

በ1930 የታሰረበት የኦሃዮ ወህኒ ቤት በእሳት ተያያዘና 322 እስረኞች አለቁ። ሃይምስ ያየውን ወደ አጭር ልብወለድ ቀየረው፤ ታሪኩን «ኤስኳየር» መጽሔት በ1934 አተመው። ጸሐፊው ያኔም እስር ቤት ነው። በ1936 በአመክሮ ተፈታ። በ1940ዎቹ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ሥራ ፈለገ፣ ዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮም ገባ። ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ የስቱዲዮው ጌታ ጃክ ዋርነር ግቢዬ ውስጥ ጥቁር ማየት አልፈልግም አለና ሥራው በዚያው አበቃ። የዋርነርን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

በ1953 አሜሪካን ትቶ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ቁምነገረኛ የሚባሉ ልብወለዶቹ ስም እንጂ እንጀራ አልሆኑለትም። ፓሪስ ውስጥ ማርሴል ዱአሜል የሚባል ሰው አገኘው። ዱአሜል የጋሊማር አሳታሚ ድርጅት የወንጀል ልብወለዶች ተከታታይ፣ የ«ሴሪ ኗር» አዘጋጅ ነው። ቀደም ሲል የሃይምስን የመጀመሪያ መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞለታል። የመርማሪ ታሪክ ጻፍልኝ አለው። ሃይምስ በድህነት ውስጥ ነበርና እሺ አለ። መጀመሪያ የጻፈው በ1958 ፈረንሳይ ውስጥ ትልቁን የወንጀል ልብወለድ ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ ከተጻፉት የሐርለም መጽሐፎች ብዙዎቹ ከእንግሊዝኛው ቀድመው በፈረንሳይኛ ታተሙ። የጥጡ ታሪክ ራሱ ፓሪስ ውስጥ «ወደ አፍሪካ መመለስ» ተብሎ በ1964 ወጣ፤ ታሪኩ የሚካሄድበት አገር ከዓመት በኋላ አነበበው።

እና እነዚያ ሁለቱ መርማሪዎች ተወለዱ። ኮፊን ኤድ ጆንሰንና ግሬቭ ዲገር ጆንስ። ቅጽል ስማቸውን ወደ እኛ ብናመጣው «ሬሳ ሣጥኑ ኤድ» እና «መቃብር ቆፋሪው ጆንስ» ይሆናል። ሁለቱም ጥቁር ፖሊሶች ናቸው። ረጅም አፈሙዝ ያለው የሚያብለጨልጭ ሽጉጥ ይታጠቃሉ፣ የተጎሳቆለች ጥቁር ፕሊማውዝ ይነዳሉ። ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ የኤድ ፊት ላይ አሲድ ይደፋበታል፤ ከዚያ ወዲህ ጠባሳው ከፊቱ፣ ቁጣው ከእጁ አይጠፋም። ሐርለም ትፈራቸዋለች፣ ትኮራባቸዋለችም። ነጭ አለቆቻቸው ደግሞ ይጠቀሙባቸዋል እንጂ ማዕረግ አይጨምሩላቸውም።

የመርማሪ ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ወንጀል ይፈጸማል፣ ሥርዓት ይናጋል፤ መርማሪው ጥፋተኛውን ይይዛል፣ ሥርዓት ይመለሳል። ሼርሎክ ሆምስ ላይ ይህ ያለ እንከን ይሠራል፤ ከወንጀሉ በፊት የነበረው ሥርዓት ደህና ነበር ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ሃይምስ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ አስገባበት፦ መጀመሪያውኑ የነበረው ሥርዓት ራሱ ወንጀል ቢሆንስ? ሬሳ ሣጥኑና መቃብር ቆፋሪው ሌባ ይይዛሉ። ሌባው የተያዘባት ሐርለም ግን ኪራይዋ ሰማይ የነካ፣ ደመወዝዋ መሬት የወረደ፣ ከወንዝ ማዶ ባሉ ሰዎች የተያዘች ሰፈር ናት። ወደ ቀድሞው እንመልሳት ቢሉ፣ ወደ የቱ ቀድሞ?

የአፍሪካ መመለሻው ማጭበርበርም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ማርከስ ጋርቬይ በ1919 ሐርለም ላይ የ«ብላክ ስታር ላይን» የመርከብ ኩባንያን አቋቁሞ አክሲዮኑን በ5 ዶላር ሸጧል። የቤት ሠራተኞችና የቀን ሠራተኞች ገዙት። ኩባንያው ከሰረ፣ ጋርቬይ በ1923 በፖስታ ማጭበርበር ተፈረደበት፣ በ1927 ከአገር ተባረረ። ይህ ታሪክ እኛንም በአንድ ክር ይነካናል፤ የጋርቬይ ማኅበር በ1920 ጉባኤው ያጸደቀው መዝሙር ስሙ «ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያውያን መዝሙር» ነው። ለእነሱ «ኢትዮጵያ» ማለት የመላ ጥቁር ሕዝብ አገር ማለት ነበር። ሃይምስ 87 ቤተሰቦችን ሲጽፍ ምኞታቸው ላይ አልሳቀም። የሳቀው ምኞታቸውን በሚሸጡት ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን። በመጽሐፉ ውስጥ ከሰባኪው ዲክ ኦማሌይ ፊት ለፊት ሌላ ሰው ቆሟል፤ ኮሎኔል ካልሁን፣ ከደቡብ የመጣ ነጭ። እሱም ቢሮ ከፍቶ «ወደ ደቡብ እንመለስ» የሚል ዘመቻ ያካሂዳል። ወደ አፍሪካ ምን ወሰዳችሁ፣ ኑ ጥጥ ልቀሙልኝ ነው ነገሩ። ጥጡም የእሱ ነው። አያቶቻቸው ከጥጥ እርሻ ሸሽተው ሐርለም ለገቡ ሰዎች፣ ሐርለም መሃል የተጣለ የጥጥ እስር ቀልድም ነው፣ ስድብም ነው።

መጨረሻ ላይ መርማሪዎቹ ኮሎኔሉን በወንጀል ይይዙታል። የቤተሰቦቹ ገንዘብ ግን የለም፤ ቆራሌው ወስዶታል። ስለዚህ ይደራደራሉ፦ 87,000ውን ከራስህ ክፈል፣ እኛም 24 ሰዓት እንሰጥሃለን። ይከፍላል፣ ይሸሻል። ኒውዮርክ ተላልፎ ይሰጠኝ ስትል አላባማ እምቢ ትላለች፤ በአላባማ ሕግ ጥቁር መግደል እንደ ግድያ አይቆጠርም ተብሎ። ሃይምስ ይህን የሚነግራችሁ እንደ ተራ ወሬ ነው፣ ድምፁን ሳይቀይር።

ፊልሙ ላይ ካልሁን አለ፣ የ«ወደ ደቡብ» ዘመቻው ግን ወጥቷል። ገንዘቡንም የሚተካው በመርማሪዎቹ ተገዶ የሚከፍል የማፊያ አለቃ ነው።

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። አንድን ፕሮግራም ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ ስናዛውር ቀላሉ ሥራ ኮዱን ማንቀሳቀስ ነው። የሚያስቸግረው የትም ያልተጻፈው ነገር ነው፤ የድሮው ሲስተም ዝም ብሎ ያደርገው የነበረ፣ ሁሉም የተደገፈበት። አዲሱ ላይ ሁሉም ነገር ይነሳል፣ ስህተት አያሳይም፣ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። የጥጡ ፊልምም እንዲሁ ነው። ማፊያ ሲከፍል አንድ ወንጀለኛ ለሌላ ወንጀል ከፈለ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ካልሁን ሲከፍል ግን ደቡብ ነው የከፈለው፤ 87 ቤተሰቦች ለዘመናት ከተወሰደባቸው ላይ ለአንድ ቀን፣ በመደለያ መልክ፣ ጥቂት ተመለሰላቸው። ገንዘቡ ያው ነው። የሒሳብ መዝገቡ ግን አንድ አይደለም።

ታዲያ ፊልሙ ከዳው? እንዲህ ብዬ አልፈርድም። ዳይሬክተሩ ኦሲ ዴቪስ ጉዳዩን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በየካቲት 1965 ማልኮም ኤክስ ሲቀበር ሐርለም ውስጥ የስንብት ንግግሩን ያደረገው እሱ ነው። ይህ የመጀመሪያው ሙሉ ፊልሙ ነው፤ ካሜራውንም እዚያው ሐርለም ጎዳና ላይ ተከለ። ጎድፍሬይ ካምብሪጅ መቃብር ቆፋሪውን፣ ሬይመንድ ሴንት ዣክ ሬሳ ሣጥኑን ሆኑ። ሬድ ፎክስ የሚባለው ኮሜዲያን ቆራሌውን አንክል በድን ተጫወተ፣ እኛ ጋ ቢሆን ጋሽ በድ የምንለውን፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ቆራሌው ሆኖ አገር ታወቀ። ፊልሙ ገንዘብ አስገባ። «ሻፍት» እና «ስዊት ስዊትባክ» ገና በዓመቱ ነው የሚመጡት። የጥቁር ተመልካች ለራሱ ታሪክ ትኬት እንደሚገዛ ለስቱዲዮዎች ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ዴቪስ ለሰፈሩ ሰው ሳቅ ሰጠው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሕዝቡ ብዙ ቀብር ውሎ ነው ሲኒማ ቤት የገባው። ሁለት ጥቁር ፖሊሶች ነጭ የማፊያ አለቃ ፊት ቆመው ሲያስከፍሉት ማየት ለዚያ ተመልካች ቀላል ነገር አይደለም። ሃይምስ ከሩቅ አገር፣ በትዝታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለማያውቁት የፈረንሳይ አንባቢዎች ነበር የሚጽፈው። ዴቪስ ግን የሠራው እዚያው ሐርለም ጎዳና ላይ፣ የሰፈሩ ሰው መሃል ቆሞ ነበር። መራራውን መጨረሻ ለመጻፍ ርቀት ይረዳል፤ የሰፈሩን ሰው ዓይን ለዓይን እያየህ እንዲህ ነው የሚያልቀው ማለት ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቃል።

ችግሩ ደራሲው ራሱ በዚያን ጊዜ ሳቁን ትቶ መሄዱ ነው። ፊልሙ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1969፣ «ሽጉጥ የያዘ ዓይነ ስውር» የተባለው መጽሐፉ ወጣ። እዚያ ውስጥ ወንጀሉ አይፈታም። ሬሳ ሣጥኑና መቃብር ቆፋሪው መጨረሻ ላይ ሥራቸው ከሚፈርሱ ቤቶች የሚወጡ አይጦችን መተኮስ ሆኖ ይቀራል። አንድ ዓይነ ስውር ደግሞ ባቡር ውስጥ ሽጉጡን መዝዞ ወደ ድምፅ ይተኩሳል፤ የማይገባው ሰው ይሞታል። የወንድሙን ታሪክ ያወቀ አንባቢ ይህን ምስል ዝም ብሎ አያልፈውም።

ሲኒማው ግን ወደዚያ አልተከተለውም። በ1972 ሁለተኛው ፊልም ወጣ፤ ስሙ «ተመለስ፣ ቻርልስተን ብሉ»፣ መሠረቱም ሌላ የሃይምስ መጽሐፍ ነው፣ እሱም በላላ ሁኔታ። አከፋፋዩ ማን መሰላችሁ? ዋርነር ብራዘርስ። ሰውየውን ከግቢው ያስወጣው ስቱዲዮ የፈጠራቸውን ሰዎች በፖስተር ላይ ለጠፋቸው። እሱ ያኔ ስፔን ነበር የሚኖረው፤ በ1984 እዚያው ሞተ።

ሦስተኛው ፊልም «ቁጣ በሐርለም» በ1991 መጣ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው፣ ዳይሬክተሩ ቢል ዱክ፣ ተዋናዩ ፎረስት ዊተከር። ካን ፌስቲቫል ላይ ተወዳድሯል። መርማሪዎቹ ግን እዚያ ወደ ዳር ተገፍተዋል። የተቀረጸውም ሐርለም ውስጥ አይደለም፤ ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው። ሃይምስ ወጣትነቱን በወህኒ የጨረሰበት ግዛት ለምናብ ሐርለሙ ጎዳና አበደረው።

አንድ መጽሐፍ ግን ሦስቱም ፊልሞች ያልነኩት አለ። «ፕላን ቢ» ይባላል፣ ሃይምስ ሳይጨርሰው የተወው፤ በ1983 ፈረንሳይ ውስጥ፣ በ1993 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ጥቁሮች በቤታቸው መሣሪያ የሚደርሳቸው፣ ከተማው በደም የሚታጠብበት ታሪክ ነው። በእሱ ውስጥ መቃብር ቆፋሪው ጓደኛውን ሬሳ ሣጥኑን ይገድለዋል፤ የአመፁ መሪ ከታወቀ ሁሉም ነገር ይጠፋል ብሎ። ከዚያ እሱም ይገደላል። ስማቸው ከመጀመሪያው ይህን ሲናገር ኖሯል፤ አንዱ ሣጥን፣ አንዱ መቃብር።

ለተከታታይ ፊልም ይህ የማይቻል ነው። ተከታታይ የሚኖረው መርማሪው ለሚቀጥለው ክፍል በሕይወት ስለሚተርፍ፣ ዛሬ የተዘጋው ጉዳይም ነገ ሌላ ጉዳይ ለመክፈት ስለሚያስችል ነው። ሃይምስ ለገንዘብ ብሎ የገባበትን ቅርጽ ከአሥር ዓመት በላይ ተጠቀመበትና በመጨረሻ ሰበረው። ሲኒማ የሚያውቀው ያልተሰበረውን ነው።

ዛሬ ስክሪናችን መርማሪ በመርማሪ ነው፣ ግማሹም ከመጽሐፍ የመጣ። ፊልሙ መጽሐፉን ይመስላል ወይ ብለን እንከራከራለን፤ ጢሙ፣ መኪናው፣ ከተማው። እኔ ከሃይምስ ወዲህ የምከታተለው ሌላ ነገር ነው፦ መጨረሻ ላይ ዕዳውን እንዲከፍል የተደረገው ማን ነው፣ ሳይከፍል የሄደውስ? ካልሁን ከስክሪኑ ሳይከፍል ወጥቷል። መጽሐፉን የሚከፍት ሰው ግን ደረሰኙን እዚያው ያገኘዋል፤ 87,000 ዶላር፣ ከ24 ሰዓት ዕድሜ ጋር።