ከሲ-47 እስከ ኪው-400፦ የአጭር በረራ ሒሳብ



በልጅነቴ ጉለሌ ላይ ሆኜ ወደ ሰሜን የሚያልፍ አውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ባሕር ማዶ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። መድረሻው ባሕር ዳር ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት ኋላ ነው። ዛሬ የማነሣውም ያንን አጭር በረራ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በመተባበር ሲመሠረት፣ ሥራውን የጀመረው ከጦርነት በተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተነሣ። ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ መካከሉ ለጭነት ነው። አቀማመጡ ለምቾት ባይበጅም ለሒሳቡ ብልህ ነበር፤ ሰው ሲያንስ ጭነቱ የነዳጁን ወጪ ይጋራ ነበርና።

የአጭር በረራ ችግር ዛሬም ያው ነው። አውሮፕላን ነዳጅ አብዝቶ የሚፈጀው ሲነሣና ከፍታ ሲይዝ ነው፤ የማረፊያ ክፍያም በርቀት ሳይሆን በምልልስ ይቆጠራል። በ2002 ዓ.ም. የገባው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው-400 ከሰባ በላይ ሰው ይጭናል፤ በአጭር መንገድም ከጄት ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል። በዚያው ዓመት አየር መንገዱ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ በሎሜ ሥራ ጀመረ፤ ቆይቶም የማላዊው ተከተለ።

አምራቹ ግን በ2013 ዓ.ም. የኪው-400ን ምርት አቁሟል። ያሉት ሲያረጁ ምን ይተካቸዋል? ትልቅ ጄት ባሕር ዳር ሲመላለስ ይሞላ ይሆናል፤ ለጎዴ ግን ወንበር ለመሙላት ሲባል ምልልሱ እንዳይቀነስ እሰጋለሁ። የሒሳብ ባለሙያው ይህን ኪሳራን መከላከል ይለዋል፤ ጎዴ ላይ ሕሙም የያዘ ቤተሰብ ግን የሚጠይቀው የሚቀጥለው በረራ መቼ እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ ልግታና ጥያቄያችሁን ልስማ።