ስም ሲሠረዝ ድምፅ የለውም

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለዓመታት አንድ ስሕተት ስደጋግም ኖሬአለሁ። ማንም አላረመኝም፤ ራሴው የደረስኩበት መምህርነቱን ከተውኩ በኋላ ነው። አንዲት ስንኝ የአንድን ግጥም ትርጉም እንዴት እንደምትገለብጥ ለማስረዳት፣ ቢትልሶች የተጫወቱትን «መኒ» የተባለ ዘፈን እጠቅስ ነበር። ነገሩ ስለ ገንዘብ ነው። ዘፋኙ ፍቅር ብቻውን ቤት እንደማያቆም ግማሽ በቀልድ ግማሽ በምር ይናገርና ገንዘብ ይጠይቃል። ወደ ማለቂያው ግን ጆን ሌነን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ነፃ መውጣት እንደሚፈልግ ይጮኻል። «ገንዘቡ ሰሙ ነው፤ ነፃነቱ ወርቁ ነው፤ ደራሲው እስከ መጨረሻ ደብቆ ያቆያት እሷን ነው» እላለሁ። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። ፈተና ላይም ይመልሱልኛል፤ እኔም ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ።

ችግሩ፣ ደራሲዎቹ ያቺን ጩኸት አልጻፏትም። የጨመራት ሌነን ነው።

እንግዲህ አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር የቅጂውን ጭማሪ የዋናው ድርሰት እምብርት ነው እያለ ሲያስተምር ኖረ ማለት ነው። ያው እኔው በሌላ ክፍለ ጊዜ፣ የቃል ግጥም ሳስተምር፣ «አንድ ግጥም ብዙ መልክ አለው፤ የትኛውን መልክ ከማን አፍ እንደሰማችሁ መዝግቡ» እያልኩ ተማሪ አስጨንቅ ነበር። ለገጠሩ እረኛ ያልነፈግሁትን ጥንቃቄ ለዲትሮይቱ ልጅ ነፈግሁት።

ማመካኛ አላጣም። ዘፈኑን የሰማሁት በደርግ ጊዜ፣ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ ከደከመ ቅጂ ላይ ነው። በካሴቱ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ «ቢትልስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ነገር የለም። ለእኔ ዘፈኑ የእነሱ ነበር፤ አለቀ። ለካስ እዚያው በአገሩም፣ ሽፋኑ ላይ ሁሉ ነገር በተጻፈበት አገር፣ አብዛኛው ሰው እንደ እኔው ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በ1959 ቤሪ ጎርዲ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ኋላ ሞታውን የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ መሠረተ። የኩባንያው የመጀመሪያ ትልቅ ስኬት «መኒ» ነው፤ ዘፋኙ ባሬት ስትሮንግ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ለሚሲሲፒ ተወልዶ ዲትሮይት ላደገ ጥቁር ልጅ ገንዘብ ስጡኝ ማለት ምሥጢር የለውም። ያ ዘፈን ወርቅ የለውም፤ ሰሙ ራሱ ነው የሚያቃጥለው። በ1963 አራት የሊቨርፑል ወጣቶች ወስደው ሁለተኛ አልበማቸው መዝጊያ ላይ አስቀመጡት። ሌነን ጩኸቱን ሲጨምርበት የአንድ ችግረኛ ልጅ ጥያቄ የአንድ ትውልድ ቁጣ ሆነ። መጥፎ ጭማሪ ነው አልልም። እኔን ራሴን ለዓመታት ያታለለ ጭማሪ እንዴት መጥፎ ይሆናል?

የሮክ ባንዶች የሶል ዘፈን ሲወስዱ ቃል መለዋወጣቸው የተለመደ ነበር። ቀላሉ ለውጥ የጾታ ነው። ማርቨሌትስ የተባሉት የሞታውን ልጃገረዶች በ1961 ፖስተኛውን ከወንድ ጓደኛቸው ደብዳቤ አምጥቶ እንደሆነ የሚጠይቁበትን ዘፈን ቢትልሶች ሲጫወቱት ደብዳቤው ከሴት ጓደኛ የሚጠበቅ ሆነ። ዶኔይስ የሚባሉ ሴቶች «በእሱ ልብ ውስጥ ሰይጣን አለ» ብለው የሰየሙት ዘፈን በእነ ጆርጅ ሃሪሰን አፍ «በእሷ ልብ ውስጥ» ተባለ። እንግሊዝኛ በዚህ የታደለ ነው፤ አንዲት ተውላጠ ስም ትቀይርና ሰይጣኑን ከወንዱ ልብ አውጥተህ ሴቷ ልብ ውስጥ ታስገባለህ። በአማርኛ ቢሆን «ና» «ነይ» ሊሆን፣ «ጠፋህ» «ጠፋሽ» ሊሆን ነው፤ ቤት የሚመታው ፊደል ራሱ ይፈርሳል። የእኛ ሰው የሴት ዘፈን ለወንድ ሲያዞር ግጥሙን ግማሽ በግማሽ እንደ አዲስ ይጽፈዋል።

ሥራውን ከግማሽ መንገድ የተዉበትም ጊዜ አለ። ሸረልስ የተባሉት ሴቶች በ1960 ስለ ወንዶች የዘፈኑትን ሪንጎ ስታር በ1963 ሲዘፍነው፣ ስንኞቹን ለወንድ እንዲስማሙ አዞሯቸውና ወንዶችን የሚያሞግሰውን አዝማች እንዳለ ተዉት። ፖል ማካርትኒ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጠየቅ፣ ዘፈኑ ደስ ስላለን እንጂ ስለ ቃሉ አላሰብንበትም ነበር የሚል መልስ ሰጥቷል። እኔ ይኼን መልስ ወድጄዋለሁ። ከሃያ ምሁራን ማብራሪያ ይሻላል።

ሌላው ለውጥ የቦታ ነው። ቴምፕቴሽንስ በ1971 ያወጡት፣ ኤዲ ኬንድሪክስ በስስ ድምፁ ያንጎራጎረው «ጀስት ማይ ኢማጂኔሽን» የሚባል ዘፈን አለ። ሰውየው በመስኮት የሚያያትን ሴት በሐሳቡ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይከብዳል፤ ሴትዮዋ ግን መኖሩንም አታውቅም። ሮሊንግ ስቶንስ በ1978 ጊታሩን አጠንክረው ሲጫወቱት ሚክ ጃገር የኒውዮርክን ስም ሰነቀረበት። አንዲት የከተማ ስም ናት። የቴምፕቴሽንሱ ሰውዬ ግን የትም ሊኖር ይችላል፤ አራት ኪሎም ቢሆን። የጃገሩ ሰውዬ የሚኖረው ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ ብቸኝነቱም የዚያ ከተማ ብቸኝነት ነው። አንዱ ይናፍቃል፣ ሌላው ይቅበዘበዛል።

በመጨመር ብቻ ሳይሆን በመተውም ይለወጣል። አል ግሪን በ1974 «ወደ ወንዙ ውሰደኝ» የሚለውን ዘፈኑን ሲጀምር፣ በ1971 ለሞተው ዘፋኝ ለሊትል ጁኒየር ፓርከር መታሰቢያ መሆኑን በአንደበቱ ይናገራል። ግሪን ኋላ ሜምፊስ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ፓስተር የሆነ ሰው ነው፤ የእሱ ወንዝ የጥምቀት ውኃ ይሸታል። ቶኪንግ ሄድስ በ1978 ሲጫወቱት ያ መታሰቢያ የለም። ምን ያድርጉ፣ ሟቹ የእነሱ ሟች አይደለም። ግን ዘፈኑ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ወደ ጭፈራ ቤት ገባ።

እዚህ ላይ «ነጭ ወሰደ፣ ጥቁር ተዘረፈ» ብዬ ብዘጋው ይቀለኝ ነበር። ታሪኩ ግን እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። በ1965 ስቶንሶች «ሳቲስፋክሽን» የሚለውን ዘፈን ባወጡ በወራት ውስጥ ኦቲስ ሬዲንግ ሜምፊስ ላይ ወስዶ የጊታሩን ዜማ ለመለከት ሰጠው፤ ግጥሙንም እንዳሻው ሰባብሮ ሌላ አደረገው። ኪት ሪቻርድስ ያን ዜማ ሲፈጥር ያሰበው ለመለከት እንደነበር ተናግሯል። ስለዚህ ቅጂው ከዋናው ይልቅ ወደ ሐሳቡ ቀረበ ማለት ነው። ሶሉም ከሮኩ ይወስድ ነበር።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ደግሞ እዚያው በሶሉ ቤት የተደረገው ነው። ራሱ ሬዲንግ በ1965 «ሪስፔክት» የሚል ዘፈን ጻፈ፤ ሥራ ውሎ የሚገባ ባል ቤቱ ሲደርስ እንዲከበር ይጠይቃል። በ1967 አሪታ ፍራንክሊን ወሰደችው። ጠያቂዋን ሴት አደረገች፤ ቃሉን ፊደል በፊደል ቆጠረችው፤ ከእህቶቿ ጋር የምትቀባበለውን ጨመረች። የባል ስሞታ የነበረው የሴቶችና የጥቁሮች መብት መዝሙር ሆነ። ሬዲንግ በዚያው ዓመት በሞንተሬይ የሙዚቃ ድግስ ላይ አንዲት ልጅ ዘፈኔን ወሰደችብኝ ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። ከስድስት ወር በኋላ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ 26 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ዘፈኑም የተነሣው በገንዘብ ነውና። በአሜሪካ ሕግ ሬዲዮ ጣቢያ በአየር ለሚያሰራጨው ዘፈን የሚከፍለው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው፤ ለዘፋኙ አይከፍልም። የዛሬም ሕጉ ይኸው ነው። ስለዚህ አሪታ ዓለምን ያስጨበጨበችበት ዘፈን በአገሯ ሬዲዮ በተደመጠ ቁጥር የደራሲው ድርሻ ወደ ሬዲንግ ቤተሰብ ይሄዳል፤ ለእሷ የሚደርሳት የለም። ለወጠችው፣ አነገሠችው፣ ግን በወረቀቱ ላይ ደራሲው እሱ ነው። እዚያ አገር ዋናው ጥያቄ ማን ዘፈነው ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የማን ስም አለ የሚለው ነው።

ባሬት ስትሮንግን አስቸጋሪ ቦታ ላይ ያገኘሁትም እዚሁ ነው። «መኒ» በ1959 በመንግሥት የቅጂ መብት መዝገብ ሲገባ ከጎርዲና ከጄኒ ብራድፎርድ ጋር የስትሮንግ ስም በደራሲነት ሰፍሮ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማለትም ቢትልሶች ዘፈኑን ከመቅረጻቸው በፊት፣ ስሙ ወጣ። በ1987 ተመለሰ፤ በዓመቱ እንደገና ተሠረዘ። ስትሮንግ የፒያኖውን ዜማ ያመጣሁት እኔ ነኝ ይላል፤ በጎርዲ ወገን ደግሞ ስሙ መጀመሪያም የገባው በጽሕፈት ስሕተት ነው ይባላል። ነገሩን የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በ2013 ሲያወጣው ስትሮንግ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር፤ ለክስ የተሰጠው ጊዜም ካለፈ ቆይቷል። ስሙ መሠረዙን ለብዙ አሠርት ዓመታት አላወቀም ነበር። ማን ነግሮት ይወቅ? ግጥም በመድረክ ሲለወጥ ሺሕ ሰው ይሰማል፤ ስም በቢሮ ሲሠረዝ ድምፅ የለውም።

ከዚህ በላይ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ልጅ መዝፈኑን ትቶ የግጥም ሰው ሆነ። ከኖርማን ዊትፊልድ ጋር ተጣምሮ፣ ዊትፊልድ በዜማው እሱ በግጥሙ፣ የሞታውንን ታላላቅ ዘፈኖች ጻፈ። በመስኮት የሚያየው የዚያ ምስኪን ዘፈን የእሱ ነው። በ1970 ኤድዊን ስታር ጦርነትን ያወገዘበት፣ ኋላም ብሩስ ስፕሪንግስቲን ወጣቶች መሪን በጭፍን እንዳያምኑ በሚያስጠነቅቅ ንግግር ጀምሮ የተጫወተው ዘፈን የእሱ ነው። ማርቪን ጌይ በ1968 ያነገሠው፣ ስለ ክህደት በወሬ መስማት የሚያወራውም እንዲሁ። ይኼንን የመጨረሻውን በ1979 ዘ ስሊትስ የሚባሉ የለንደን ፐንክ ሴቶች ሲጫወቱት ወሬው የሚመጣበትን የወይን ሐረግ ትተው በቤዝ ጊታሩ ድምፅ ሰማሁ አሉ። ሳልወድ አሳቁኝ። ከቢትልስ እስከ ስቶንስ፣ ከስቶንስ እስከ ስሊትስ የአንድ ሰው እጅ አለበት፤ እኔም ሁሉንም ሳዳምጥ ኖሬ የሰውየውን ስም አላውቅም ነበር። እነዚህ ላይ እንኳ ስሙ በወረቀቱ አለ፤ ድርሻውንም አግኝቶባቸዋል። የመጀመሪያው፣ በገዛ ድምፁ የዘፈነው፣ እሱ ነው ያመለጠው። በጥር 2023 በ81 ዓመቱ አረፈ።

ይኼ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሶል ወደ አገራችን የገባው በሸክላና አስመራ በነበረው የቃኘው ሠፈር የአሜሪካኖች ሬዲዮ ጭምር ነው። እነ ዓለማየሁ እሸቴ የጄምስ ብራውንን አጯጯኽ ሰምተው፣ አማርኛ አልብሰው የራሳችን አድርገው ሰጡን፤ ከ1969 ጀምሮም አምኃ እሸቴ በሸክላ አተመው። ስለዚህ ለውጡን የምቃወምበት አፍ የለኝም፤ እኔ ራሴ ያደግሁት በለውጥ ነው። የእኛ ካሴቶች ሽፋን ላይ ግን «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የምትል መስመር አለች። ስንቶቻችን እናነባታለን? በየሬዲዮው «አሁን የምታደምጡት የእገሌ ዘፈን ነው» ሲባል እገሌ ዘፋኙ ነው፤ ገጣሚው የትም የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ለደራሲው መብት ሰጥቶታል፤ አዋጅ ግን የማይጠራ ስም ሊጠራ አይችልም።

ለቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ እርማት አለብኝ፤ ዘግይቷል፣ ይቅርታ። ያች የመጨረሻ ጩኸት የሌነን ናት፣ ውብም ናት። ዘፈኑን መጀመሪያ የዘፈነው ግን ባሬት ስትሮንግ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ የለመነውም ገንዘቡን ነበር። ሌላው ሁሉ ሰምቶት ዘመረው፤ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ግን ስሙ መዝገቡ ላይ አልነበረም። ያኔ «ነፃነት» ብላችሁ ለጻፋችሁ የሰጠኋችሁን ማርክ አልነጥቃችሁም። «ገንዘብ» ብሎ ጽፎ ዜሮ የሰጠሁት ተማሪ ካለ ግን፣ ትክክል የነበረው እሱ ነው።